ሃያ ሰባተኛው አውት፦ የዋሽንግተን ቤዝቦል ደጋፊ ታላቁ ቅጽበት የቱ ነው?

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ታክሲያችሁን ደጅ አቁማችሁ የገባችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

የዛሬው ርዕስ ሲያዩት ቀላል ነው። ለአንድ የቤዝቦል ደጋፊ «በቡድንህ ታሪክ ታላቁ ቅጽበት የቱ ነው?» በሉት። እራቱን ትቶ ይመልስላችኋል። የኛ ከተማ ቡድን ደግሞ ዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። አብዛኛው ሰው «በ2019 ዋንጫውን የወሰዱ ቀን» ብሎ ይገላገላል። (ዛሬ የምጠራው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አትደናገሩ።) እኔ ግን ዋንጫው ቀን ላይ አልቆምም። ከዋንጫው በፊት የነበረ አንድ ማታ፣ አንድ ኢኒንግ፣ አንድ ኳስ አለ፤ እዚያ ላይ ነው የማቆመው። እዚያ ለመድረስ ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ የጨዋታውን ሰዓት፣ የከተማውን ቁስል፣ ከዚያ የ2019ን ጥቅምት። አራተኛ ነገርም ኪሴ ውስጥ አለ፤ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛው ነገር ሰዓት ነው።

እኛ በእግር ኳስ ያደግን ሰዎች ነን። ቡድናችን 1 ለ 0 እየመራ 85ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ምን ይደረጋል? ግብ ጠባቂው ሜዳ ላይ ይተኛል። ተከላካዩ ኳሷን ወደ ተመልካች ይለጋል። አጥቂው ኳሷን ማዕዘን ድረስ ወስዶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሰዓት ይገደላል። ቤዝቦል ውስጥ የሚገደል ሰዓት አለ? የለም! ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው እንዳይንቀራፈፍ የሚቆጥር ሰዓት ሜዳው ላይ ተተክሏል፤ እሱ ግን ውርወራውን ያስቸኩላል እንጂ ጨዋታውን አይጨርስም።

ጨዋታውን የሚጨርሰው አውት ነው። አዲስ ለሆናችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ጥሩ ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስፈነጥራታል፤ መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም። ኳሷ በሳጥኑ ውስጥ፣ ማለትም ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው የታሰበ ክልል፣ ካለፈች ወይም መቺው ሰንዝሮ ከሳታት ስትራይክ ነው። መቺው ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት አውት ነው። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች አውት ነው። መሬት ለመሬት መትቷት፣ ኳሷ ከእሱ ቀድማ አንደኛው ቤዝ ላይ ከተያዘች አውት ነው። በተቃራኒው ወርዋሪው አራት ጊዜ ከሳጥኑ ውጭ ከወረወረና መቺው ካልተታለለ፣ መቺው አንደኛውን ቤዝ በነጻ ያገኛል። ቤዞቹን፣ በሜዳው ጥግ ያሉትን ማረፊያዎች፣ ዞሮ ወደ መነሻው፣ ወደ ሆም ፕሌት፣ የተመለሰ ሰው «ገባ» ይባላል፤ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት አውት አንድ ኢኒንግ ይዘጋል፤ ዘጠኝ ኢኒንግ አለ። ሦስት በዘጠኝ ስንት ነው? ሃያ ሰባት።

እንግዲህ ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ሃያ ሰባት! የሚመራው ቡድን አሥር ለዜሮ ቢመራም ሃያ ሰባተኛውን አውት ራሱ ማምጣት አለበት። ኳሷን ደብቆ መቆም አይችልም፤ ወደ መቺው መወርወር ግዴታው ነው። ሃያ ስድስት አውት አምጥቶ ሃያ ሰባተኛው እምቢ ካለው ጨዋታው አላለቀም። አሥር ደቂቃም ይሁን ሁለት ሰዓት፣ እምቢ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ለዚህ መጨረሻ ተብሎ የሚቀመጥ ወርዋሪ አለ፤ ክሎዘር ይሉታል። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ብቻ ገብቶ ሦስት አውት አምጥቶ የሚወጣ ሰው ነው። ሥራው አጭር ነው፤ ግን የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። ሁለት ስትራይክ ካስቆጠረ በኋላ መቺውን በብልጠት ልሸውደው ብሎ ከሳጥኑ ውጭ ይወረውራል። መቺው ዝም ይላል። እንደገና ውጭ። እንደገና ዝም። አራት ሲሞላ መቺው በነጻ ቤዝ ይይዛል። አሁን ወርዋሪው ቀጣዩን በነጻ ላለማሳለፍ ኳሷን ወደ መሐል ያመጣታል፤ መሐል የመጣች ኳስ ደግሞ ትመታለች። ይህን ቅደም ተከተል አስታውሱት፤ ወደ ሁለተኛው ነገር ስንገባ ፊታችን ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር፣ ቁስሉ።

የዚህን ከተማ ቡድን ሁለት ጊዜ ወስደውታል። ከ1901 ጀምሮ የነበረው ሴነተርስ በ1960 መጨረሻ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ በ1961 ሌላ ሴነተርስ መጣ፤ እሱም በ1971 ባለቤቱ ወደ ቴክሳስ አሻገረው።

ያ ሁለተኛው ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው መስከረም 30 ቀን 1971፣ አር ኤፍ ኬ ስታዲየም፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ነው። ሴነተርስ 7 ለ 5 ይመራል። ዘጠነኛ ኢኒንግ፣ ያንኪስ ነው የሚመታው። ወርዋሪው ጆ ግርዘንዳ ነው፤ ሁለት አውት አምጥቷል። ስንት ሆነ? ሃያ ስድስት! አንድ ብቻ ቀረ። ሕዝቡ ግን ቡድኑን እየተነጠቀ ነው፤ መታገስ አልቻለም። አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ወረረ። ቤዞቹን ነቀለ፣ ሣሩን ቆፍሮ ወሰደ። ዳኞቹ ጨዋታውን አቁመው ለያንኪስ 9 ለ 0 በፎርፌ ሰጡ። ለእያንዳንዱ ኢኒንግ አንድ ነጥብ ተቆጥሮ ነው ዘጠኝ የሆነው። ሃያ ሰባተኛው አውት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሦስት የውድድር ዘመን ዋሽንግተን ያለ ቡድን ከረመች።

ግርዘንዳ ምን አደረገ መሰላችሁ? ያቺን ኳስ ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ። አስቀመጣት። ሞንትሪያል ውስጥ የነበረው ቡድን በ2005 ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ ሲባል፣ ሚያዝያ 14 ማታ፣ እዚያው አር ኤፍ ኬ፣ ሰውየው ኳሷን ይዞ መጣና ለፕሬዚዳንት ቡሽ ሰጣቸው፤ የመክፈቻውን ውርወራ በእሷ ወረወሩ። ናሽናልስም አሪዞናን 5 ለ 3 አሸነፈ። አንዳንድ የዕድሜ ባለጸጋ ደጋፊ «የኔ ታላቅ ቅጽበት ይቺ ናት» ይላል። እኔ አልከራከረውም። ቡድን የሌለው ሰው ቡድን ሲያገኝ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?

ወጣቱ ደጋፊ ሌሎች አሉት። መጋቢት 30 ቀን 2008 አዲሱ ሜዳ፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ ተመረቀ፤ ራያን ዚመርማን በዘጠነኛው ኢኒንግ ኳሷን ከአጥር አሳልፎ 3 ለ 2 አሸነፉ። ሰኔ 8 ቀን 2010 ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገብቶ ፒትስበርግን 14 ሰው በስትራይክ አስወጣ፤ አንድም በነጻ አላሳለፈም። ጥሩ ናቸው፤ ግን እነዚህ የደስታ ቀኖች ናቸው፣ ቁስል አልነበረባቸውም።

ቁስሉ የመጣው በ2012 ነው። ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን መራ። ስትራስበርግ ከክርን ቀዶ ሕክምና የተመለሰ ስለነበር ክለቡ 159 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ ላይ «በቃህ» ብሎ አስቀመጠው። ዋናው ወርዋሪ ሳይኖር ጥሎ ማለፍ ገቡ። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር አምስት ጨዋታ ነው። አራተኛው ላይ ጄይሰን ዎርዝ አሥራ ሦስት ውርወራ ታግሎ፣ አሥራ ሦስተኛውን ከአጥር አሳልፎ ሁለት እኩል አደረጋቸው። በማግስቱ አምስተኛው ጨዋታ፣ ጥቅምት 12። ከሦስት ኢኒንግ በኋላ ናሽናልስ 6 ለ 0 ይመራል። ስድስት ለዜሮ! ሰው እርስ በርሱ ይሳሳማል።

ከዚያ ካርዲናልስ አንድ አንድ እያለ ተጠጋ። ዘጠነኛው ሲደርስ 7 ለ 5 ነው። ክሎዘሩ ድሩ ስቶረን ገባ። ሁለት አውት አመጣ። ሃያ ስድስት! መቺው ያዲየር ሞሊና ነው፤ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበታል። አንዲት ስትራይክ ብቻ። ውጭ ወረወረ፤ ሞሊና ዝም አለ፤ በነጻ ሄደ። ቀጥሎ ዴቪድ ፍሪስ። እሱም ሁለት ስትራይክ አለበት፤ እሱም በነጻ ሄደ። ቅድም የነገርኳችሁ ቅደም ተከተል ይኸው! አሁን ኳሷ መሐል መምጣት አለባት። ዳንኤል ደስካልሶ መታት፣ የኢያን ዴዝመንድን ጓንት ነክታ አለፈች፤ ሁለት ሰው ገባ፤ እኩል። ፒት ኮዝማ መታት፤ ሌላ ሁለት። 9 ለ 7። አለቀ።

ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ማንም ደጋፊ ዘጠነኛ ኢኒንግን ተቀምጦ ማየት አልቻለም።

በ2014 ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ፊት አየን። መስከረም 28 ጆርዳን ዚመርማን ማያሚን ያለ አንድ ምት አፍኖ ይዞ ሃያ ስድስት አውት አመጣ። የመጨረሻው መቺ ክሪስቲያን የሊች ወደ ግራ ጥግ መታት፤ በእርግጥ ምት ነበረች። ለዚያ ኢኒንግ ብቻ ተቀይሮ የገባው ስቲቨን ሱዛ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሮጦ ተወርውሮ ቀለባት። ሃያ ሰባት! እምቢ ያላለ አውት ይህ ነው። በሳምንቱ፣ ጥቅምት 4፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በጥሎ ማለፍ፣ ያው ዚመርማን 1 ለ 0 እየመራ ሃያ ስድስተኛውን አመጣ። ሃያ ሰባተኛው አውት ሊሆን የሚችለውን መቺ በነጻ አሳለፈ። አሰልጣኙ ማት ዊሊያምስ 100 ውርወራ በቃው ብሎ አወጣው። ማን ገባ? ስቶረን። ሁለት ምት፤ እኩል። ጨዋታው አሥራ ስምንት ኢኒንግ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጅቶ 2 ለ 1 ተሸነፉ።

ሌባ እንኳ ቤት ሲለምድ ይታወቃል። ይህ የመጨረሻ አውት ዋሽንግተንን ለምዶ ነበር። በ2016ም በ2017ም በአምስተኛው ጨዋታ ወጡ። ከዚያ ብራይስ ሃርፐር፣ የቡድኑ ኮከብ፣ ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ለፊላደልፊያ ፈረመ። ጎረቤት ለጎረቤት ማለት ነው። ስንቱ ልጅ 34 ቁጥር ማልያውን አውልቆ ጣለ!

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ 2019 ገባ። ሦስተኛው ነገር።

ግንቦት 23 ላይ ከ50 ጨዋታ ያሸነፉት 19 ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚል ብዙ ነበር። ምን ጎደለ? መቺ ነበራቸው፦ አንተኒ ሬንዶን፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ የነበረው ኋን ሶቶ፣ ትሬ ተርነር። ጀማሪ ወርዋሪም፣ ጨዋታውን የሚጀምረው ማለቴ ነው፣ ነበራቸው፦ ማክስ ሸርዘር፣ ስትራስበርግ፣ ፓትሪክ ኮርቢን። የጎደለው ቡልፐኑ ነው፤ ጀማሪው ሲደክም የሚተኩት ወርዋሪዎች። በናሽናል ሊግ ከሁሉ የከፋ ቡልፐን ነበር። ስድስት ኢኒንግ የተገነባውን በሦስት ኢኒንግ ያፈርሱታል።

እንዴት ተቃና? ዳንኤል ሃድሰንን አስመጡ፤ እሱና ሾን ዱሊትል የመጨረሻውን ያዙ። ግን ዋናው መላ ጥቅምት ላይ የመጣው ነው። በመደበኛው ውድድር ከ162 ጨዋታ ጋር ስለምትታገሉ ጀማሪ ወርዋሪ በየአምስት ቀኑ ብቻ ይወረውራል። በጥሎ ማለፍ ግን የዕረፍት ቀን ይበዛል። ማርቲኔዝ ጀማሪዎቹን በመሐል እያስገባ ቀዳዳውን ደፈነበት። ደካማ ግድግዳ ካላችሁ ጥሩውን ድንጋይ ከሌላ ቦታ ነቅላችሁ እዚያ ታስገባላችሁ፤ እሱ ነው። ኮርቢን ከሎስ አንጀለስ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ላይ እንዲህ ገብቶ ስድስት ሰው ገብቶበታል፤ መላው አደጋ አልነበረውም አልልም።

ቡድኑ ተነስቶ 93 አሸነፈ። መስከረም 3 ቀን ከሜትስ ጋር በዘጠነኛው 10 ለ 4 እየተመሩ ሰባት አስገብተው 11 ለ 10 አሸነፉ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ከርት ሱዙኪ በአንድ ምት አመጣቸው። ሄራርዶ ፓራ ለሕፃን ልጁ ሲል ሊመታ ሲገባ የሻርክ መዝሙር እንዲከፈትለት አደረገ፤ ጎልማሳ ሁሉ እጁን እንደ ሻርክ አፍ እያጨበጨበ ዋለ። እሱን ልጆቹ ይንገሯችሁ።

አሁን ወደ ማታዋ ገባን። ጥቅምት 1 ቀን 2019፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጋር። ይህ የአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ዓመቱ አለቀ። ሸርዘር ወረወረ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢኒንጎች ሁለት ሆም ራን፣ ከአጥር ያለፈ ምት ማለት ነው፣ ተቆጠረበት፤ 3 ለ 0። ተርነር አንድ መለሰ። ስትራስበርግ፣ ያ በ2012 ተቀምጦ የዋለው ልጅ፣ በመሐል ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ። ስምንተኛው ኢኒንግ ደረሰ፤ 3 ለ 1።

ብሩወርስ ጆሽ ሄደርን አስገባ። ሄደር ግራኝ ነው፤ በዚያ ዓመት 138 ሰው በስትራይክ አስወጥቷል። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ስለሚወረውር፣ ግራኝ መቺ ኳሷ ከጀርባው የምትመጣ ይመስለዋል። ቪክቶር ሮብልስን አስወጣ። አንድ። ማይክል ቴይለር ላይ ወረወረ፤ ኳሷ ነካችው፤ በነጻ ቤዝ ያዘ። «ዱላውን ነው የነካችው» ብለው ተከራከሩ፤ በቪዲዮ አይተውት ዳኞቹ ጸኑ። ተርነርን አስወጣ። ሁለት። ናሽናልስ የቀረው አራት አውት ነው።

ራያን ዚመርማን ተቀይሮ ገባ። ያ በ2005 ክለቡ ዋሽንግተን ሲመጣ መጀመሪያ የመረጠው፣ ሜዳውን በ2008 የመረቀው ሰው ነው፤ አሁን 35 ዓመቱ ነው። መታት፤ ዱላው ተሰበረ፤ ኳሷ ግን ለስላሳ ሄዳ መሐል ሜዳ ወደቀች። ጉልበት ሳይሆን ዕድሜ የመታት ኳስ ናት። በእሱ ምትክ እንዲሮጥ አንድሩ ስቲቨንሰን ገባ። ሬንዶን አልተታለለም፤ በነጻ ሄደ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ሁለት አውት። መቺው ሶቶ፣ ግራኝ፣ የሃያ ዓመት ልጅ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለት አውት ሲሆን ሯጮቹ ኳሷ ዱላ እንደነካች ይሮጣሉ፤ ትቀለብ ይሆን ብለው አይጠብቁም፤ ከተቀለበች ኢኒንጉ አልቋልና። ስለዚህ አንድ ተራ ምት ከሦስተኛና ከሁለተኛ ቤዝ ሁለቱንም ታስገባለች፤ 3 እኩል ማለት ነው። የቀኝ ሜዳ ተከላካዩ ይህን ያውቃል። ሁለተኛውን ሯጭ ለማስቀረት ወደ ኳሷ ሮጦ፣ አንስቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሆም ፕሌት መወርወር አለበት።

ሶቶ መታት! ጠፍጣፋ ምት፣ ወደ ቀኝ። ቴይለር ገባ። ስቲቨንሰን እየመጣ ነው። ተከላካዩ ትሬንት ግሪሻም፣ የ22 ዓመት ልጅ፣ እየሮጠ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ ከኳሷ ቀድሞ ወደ ሆም ፕሌት ሄደ፤ ኳሷ ከጓንቱ ሥር አልፋ ወደ አጥሩ ተንከባለለች። ስቲቨንሰን ገባ። ሬንዶን ከአንደኛው ቤዝ ተነስቶ ዙሩን ጨርሶ ገባ። 4 ለ 3! ሶቶ ራሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ መሐል ተይዞ አውት ሆነ፤ እጁን እያጨበጨበ ነው አውት የሆነው። ግሪሻም እዚያ ቦታ ላይ ለምን ቆመ? የሊች፣ ያ በ2014 ሱዛ የቀለበበት ሰው፣ አሁን የብሩወርስ ኮከብ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የራሱ ኳስ ጉልበቱን ሰብራው ተኝቷል።

ዘጠነኛው ላይ ሃድሰን ገባ። ሕዝቡ ቆሟል፤ ቅድም አላልኳችሁም? ማን ይቀመጣል። የመጨረሻው መቺ ቤን ጋመል ኳሷን ወደ መሐል አርቆ መታት፤ አጥሩ ጋ ደረሰች። ሮብልስ አፈገፈገ፣ አፈገፈገ፣ ቀለባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ቶሎ ልሂድ። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 106 ያሸነፈ ቡድን ነው። አምስተኛው ጨዋታ ስምንተኛው ኢኒንግ፣ አሁንም 3 ለ 1 እየተመሩ፣ ሬንዶንና ሶቶ የክሌይተን ከርሾን ሁለት ተከታታይ ውርወራ ከአጥር አሳለፉ፤ 3 እኩል። አሥረኛው ኢኒንግ ላይ ዶጀርስ ጆ ኬሊን ለሁለተኛ ኢኒንግ አቆየው፤ ክሎዘሩ ኬንሊ ጃንሰን እያለ። አንድ በነጻ፣ አንድ የሬንዶን ምት፣ ሶቶን ሆን ብለው በነጻ፣ ቤዙ ሞላ፣ አንድም አውት የለም፤ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ በመሐል አጥር ላይ አራት ሰው አስገባ። 7 ለ 3። ሴንት ሉዊስን አራት ለዜሮ ጠረጉት፤ የ2012 ዕዳ በአራት ጨዋታ ከነወለዱ ተከፈለ።

በፍጻሜው፣ የዓለም ዋንጫ በሚሉት በወርልድ ሲሪስ፣ የገጠሙት ሂዩስተን አስትሮስ ደግሞ 107 ያሸነፈ ነው። እዚህ እንግዳ ነገር ሆነ፦ በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዋሽንግተን ከ1933 ወዲህ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አስተናግዳ ሦስቱንም ተሸነፈች። ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቅቶት አምስተኛውን ሳይወረውር ቀረ። ስድስተኛው ላይ ተርነር ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ ከመስመሩ ወጥተህ ነው የሮጥከው ተብሎ አውት ተሰጠበት፤ ማርቲኔዝ ተቆጣ። (ሯጩ የሚሮጥበትን መስመር በ2024 አሰፉት፤ ዘግይቶም ቢሆን።) ብዙም ሳይቆይ ሬንዶን ሁለት የሚያስገባ ሆም ራን መታ፤ ማርቲኔዝ ግን ክርክሩን አልተወም፣ ከሜዳ ተባረረ፤ ስትራስበርግ ስምንት ኢኒንግ አልፎ ወረወረ፤ 7 ለ 2።

ጥቅምት 30፣ ሰባተኛው። ሸርዘር መርፌ ተወግቶ ገባ። በአምስት ኢኒንግ ሰባት ምትና አራት በነጻ ሰጥቶ ሁለት ብቻ ነው የገባበት፤ በየኢኒንጉ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ተመለሰ። ሰባተኛው ላይ 2 ለ 0 እየተመሩ፣ ስምንት አውት ሲቀራቸው፣ ሬንዶን አንድ መለሰ፤ ሶቶ በነጻ ሄደ። አስትሮስ 80 ውርወራ ብቻ የወረወረውን ዛክ ግሪንኪን አወጣና ዊል ሃሪስን አስገባ። ኬንድሪክ ወደ ውጭ የሸሸችውን ኳስ ተከትሎ መታት፤ የቀኙን ፋውል ፖል፣ በሜዳው ጠርዝ የቆመውን ምሰሶ፣ መታችው። ስሙ ፋውል ይባል እንጂ ኳስ ከነካችው ሆም ራን ነው። 3 ለ 2። ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ በባዶ ዘጋ። 6 ለ 2 ሲሆን ሃድሰን የመጨረሻውን መቺ ማይክል ብራንትሊን በስትራይክ አስወጥቶ ጓንቱን ወረወረ። ሃያ ሰባት። ከቤት ሆኖ፣ ናሽናልስ ፓርክም ውስጥ በዝናብ ትልቁን ስክሪን እያየ የነበረው ሕዝብ ጮኸ።

ታዲያ ለምን ይህችን አልመርጥም? ለምን ጥቅምት 1ን? አንዱ ምክንያት፣ ዋንጫው የተወሰደው ሂዩስተን ነው። ጥቅምት 1 ግን በዚህ ከተማ፣ በእነዚያው ወንበሮች፣ በ2012 እያለቀሰ በወጣው ሕዝብ ፊት ነው የሆነው። ሌላው፣ ኬንድሪክ ባይመታ «ዋንጫ ደርሰው ነበር» ይባል ነበር፤ ሶቶ ባይመታ ግን ያው የድሮው ታሪክ ነበር የሚደገመው። ሎስ አንጀለስ፣ ሂዩስተን፣ ምንም የለም።

ሦስተኛው ምክንያት ኪሴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነው።

ስንቶቻችሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ እኛ ክትፎ ከምንበላበት ከዘጠነኛውና ከዩ ስትሪት ጥቂት ብሎክ አለፍ ብሎ። ልጅ የወለዳችሁበትም አላችሁ። ያ ቦታ እስከ 1965 ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች በትልቁ ሊግ እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ፣ ታላቁ ጆሽ ጊብሰን የተጫወተበት ቡድን፣ ብዙ የሜዳውን ጨዋታ እዚያ ነው ያደረገው፤ በ1943፣ በ1944ና በ1948 የኒግሮ ሊግን የዓለም ዋንጫ ወስዷል። የዚህ ከተማ ደጋፊ ታላላቅ ቀኖቹን ሲቆጥር እነዚያን መዝለሉ አይገባኝም።

እዚያው ስታዲየም፣ ጥቅምት 10 ቀን 1924፣ ሴነተርስ ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር የዓለም ዋንጫው ሰባተኛ ጨዋታ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ተቀምጠዋል። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ሴነተርስ 3 ለ 1 እየተመራ፣ ሁለት አውት፣ ሦስቱም ቤዝ ሙሉ። ሰማችሁኝ? 3 ለ 1፣ ስምንተኛ፣ ሁለት አውት፣ ሙሉ ቤዝ! የ27 ዓመቱ ተጫዋች አሰልጣኝ ባኪ ሃሪስ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ቤዝ መታት። የ18 ዓመቱ ፍሬዲ ሊንድስትሮም ሊይዛት ጎንበስ ሲል ኳሷ ድንገት ነጥራ በራሱ ላይ ዘለለች። ሁለት ሰው ገባ፤ 3 እኩል። በዚያ ዋንጫ ሁለት ጊዜ የተሸነፈው አንጋፋው ዋልተር ጆንሰን ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው አራት ኢኒንግ በባዶ ወረወረ። በአሥራ ሁለተኛው የጃይንትስ ካቸር፣ ከመቺው ጀርባ ሆኖ የሚቀልበው፣ የመዲ ሩልን ከፍ ያለች ኳስ ሊቀልብ ሲል የራሱ ጭንብል ላይ ተደናቅፎ ጣላት። ሩል ዕድል አገኘና ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ከዚያ ኧርል መክኒሊ መታት፤ ወደ ሊንድስትሮም፤ አሁንም ጠጠር መታችና በራሱ ላይ ዘለለች። ሩል ገባ። ስንት ለስንት? 4 ለ 3።

ዘጠና አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ከተማ፣ ያው ኢኒንግ፣ ያው ሁለት አውት፣ ያው ሙሉ ቤዝ፣ ያው የመጨረሻ ውጤት፣ ያው አንድ ወጣት ተከላካይ ያመለጠችው ኳስ። ከሻው ሃዋርድ ጣቢያ አረንጓዴውን ባቡር ይዛችሁ ስድስተኛው ጣቢያ ኔቪ ያርድ ናሽናልስ ፓርክ ነው።

የ1924ቱ ሆም ፕሌት የነበረበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት አለው። ታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ ፈልጉት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ሃርፐርን የምትጠይቁኝ መጨረሻ ላይ።